የወረቀቷ ወፍ አንገት ለምን ይቀደዳል? የኦሪጋሚ ጀማሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሀዋሳ ላይ ያደገ ሰው ኦሪጋሚን፣ ማለትም ወረቀት እያጠፉ ቅርጽ የማውጣት ጥበብን፣ ከዜሮ አይጀምርም። ክረምት ላይ ከደብተር በገነጠለው ወረቀት ጀልባ ሠርቶ የመንገድ ዳር ጎርፍ ላይ ለቋል። ያቺ ጀልባ ያለ መቀስና ያለ ኮላ፣ በማጠፍ ብቻ የተሠራች ናትና ኦሪጋሚ ናት። ካደገ በኋላ ስልኩ ላይ የወረቀት ወፍ ያይና ያ የልጅነት ጉጉት ይመለስበታል። ብዙዎች ግን ሁለት ሦስቴ ሞክረው “እጄ አይታዘዝልኝም” ብለው ይተዉታል። እጃቸው ጥፋት የለበትም፤ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ወረቀቱና የመጀመሪያዎቹ እጥፋቶች ላይ ነው።

ካሬ ባልሆነ ወረቀት መጀመር

አብዛኛው የኦሪጋሚ ሥራ የሚነሳው አራቱም ጎኑ እኩል ከሆነ ወረቀት ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት የምናገኘው ኤ4 ደግሞ 21 በ29.7 ሴንቲ ሜትር ነው። አጭሩን ጠርዝ ከረጅሙ ጠርዝ ጋር አገጣጥመው በሰያፍ ያጥፉት፤ 8.7 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ ይተርፋል። ቁራጩን በመቀስ እየገመቱ ከመቁረጥ ይልቅ መስመሩን ወደፊትም ወደኋላም አጥፈው፣ በማስመሪያና በካተር ይቁረጡት። ከዚያ ይፈትኑት፦ በአንዱ ሰያፍ አጥፈው ይክፈቱ፣ በሌላውም ይድገሙት። ጥግ ጥግ ላይ ልክ ካላረፈ፣ ልዩነቱ 1 ሚሊ ሜትር እንኳ ቢሆን፣ ሌላ ወረቀት ይቁረጡ። ያቺ ልዩነት በእያንዳንዱ እጥፋት እየተደራረበች ወደ ጫፍ ትሰበሰባለች፤ ምንቃሩ ጋ ሲደርሱ ጫፉ ሹል መሆኑ ቀርቶ ሁለት ምላስ ያወጣል።

ያገኙትን ወረቀት ሁሉ ማጠፍ

ተራው ባለ 80 ግራም የፎቶ ኮፒ ወረቀት ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። አምስት ጊዜ ለሁለት ሲታጠፍ 32 ድርብ ይሆናል፤ ይህ 3 ሚሊ ሜትር የሚያህል ክምር ነው። የውጭው ድርብ ያን ሁሉ ዞሮ ማለፍ ስላለበት ይወጠራል፣ የውስጡ ይጨማደዳል። ስለዚህ በዚህ ወረቀት የመጀመሪያዋን ወፍ ከ21 ሴንቲ ሜትር ካሬ ይሥሩ እንጂ ከትንሽ ቁራጭ አይጀምሩ። ቀለም የሚፈልግ ሰው ስስ የስጦታ መጠቅለያ መጠቀም ይችላል፤ ላስቲክ የተቀባው ግን አይሆንም። መለየቱ ቀላል ነው፦ ጥጉን አጥፈው በጥፍር ጫን ብለው ይልቀቁት። ተመልሶ ብድግ ካለ እጥፋት አይዝም።

በአባ ኮዳ መጀመር

ሀዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ አጥማጆቹ አጠገብ የሚቆሙትን አባ ኮዳዎች ያየ ሰው፣ መጀመሪያ ማጠፍ የሚፈልገው ረጅም እግር ያለው ወፍ ነው። ጃፓኖች ኦሪዙሩ የሚሏት ታዋቂዋ ወፍ ግን እግር የላትም፤ ለዚህም ምክንያት አለው። የምትሠራበት መሠረት፣ ማለትም ቅርጿ የሚወጣበት መነሻ እጥፋት፣ የሚያወጣው አራት ረጃጅም ጫፎችን ብቻ ነው። ሁለቱ አንገትና ጅራት፣ ሁለቱ ክንፍ ይሆናሉ፤ ለእግር የሚተርፍ የለም። እግር ያለው ወፍ ተጨማሪ ጫፎች፣ ስስ ወረቀትና ብዙ ድርብ ይጠይቃል። በጀልባና በሣጥን ይጀምሩ፣ ከዚያ ኦሪዙሩን፤ አባ ኮዳው ይቆያችሁ።

መሠረቱን መሳት

ከሁሉም በላይ ጀማሪ የሚሸነፈው እዚህ ነው። ባለቀለሙ ፊት ወደ ላይ ሆኖ ሁለቱን ሰያፎች አጥፈው ይክፈቱ። ወረቀቱን ይገልብጡ። ነጩ ፊት ወደ ላይ ሆኖ በቁመትም በአግድምም ለሁለት አጥፈው ይክፈቱ። አሁን አራቱን ጥጎች ወደ አንድ ቢሰበስቧቸው ወረቀቱ ራሱ መንገዱን አውቆ ትንሽ ካሬ ይሆናል። መገልበጧን ዘልሎ ሁሉንም በአንድ በኩል ያጠፈ ሰው ግን ከወረቀቱ ጋር ሲታገል ይውላል።

ቀጥሎ አራቱ ጥጎች የተገናኙበት ክፍት ጫፍ ወደ እርስዎ ይዙር። ግራና ቀኝ ያሉትን የታች ጠርዞች ወደ መሃል፣ የላዩን ሦስት ማዕዘን ወደ ታች አጥፈው ሦስቱንም ይክፈቱ። የላይኛውን ድርብ ብቻ ከታች ጫፉ ይዘው ወደ ላይ ያንሱት፤ ጎኖቹ ወደ ውስጥ ይገቡና ቅጠል የመሰለ ቅርጽ ይወጣል። በጀርባውም ይድገሙት። ክፍቱን ጫፍ ወደ ላይ ካዞሩት የሚነሳ ድርብ አይኖርም።

ከዚህ በኋላ የታች ጠርዞቹ አንዴ ወደ መሃል ታጥፈው ይቀጥናሉ። በዚህ ጊዜ መሃል መስመሩ ላይ አያሳርፏቸው፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይተዉ። አንገቱ በመስመሩ ላይ ታጥፎ ወደ ውስጥ ስለሚገለበጥ የድርቦቹ ውፍረት ቦታ ይፈልጋል። ክፍተት ያልተተወለት አንገት የሚቀደደው ሲገለበጥ ነው። ከመገልበጥዎም በፊት አንገቱን ወደፊትና ወደኋላ አጥፈው መስመሩን ያለስልሱት።

መስመር ከአንድ ጫፍ ጀምሮ መጫን ደግሞ ወረቀቱን ያንሸራትተዋል። መጀመሪያ ጥጎቹን ያገናኙ፣ መሃሉን ለስለስ አድርገው ይያዙ፣ ከዚያ ከመሃል ወደ ዳር በጥፍር ወይም በማንኪያ ጀርባ ይጫኑ። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ነፋስ ሲነሳ በረንዳ ላይ አያጥፉ፤ ጠንካራ ጠረጴዛ ያለበት ክፍል ይግቡ።

ሥዕሉን በግማሽ ማንበብ

የጃፓኑ አኪራ ዮሺዛዋ (1911–2005 እ.ኤ.አ.) እ.ኤ.አ. በ1954 ባስተዋወቀው የምልክት ሥርዓት የተነሳ ጃፓንኛ የማያውቅም ሰው የጃፓን ሥዕል ተከትሎ ማጠፍ ይችላል። የተቆራረጠ መስመር ወደ ውስጥ እንደ ሸለቆ፣ ሰረዝና ነጥብ የተቀላቀለበት ደግሞ ወደ ኋላ እንደ ተራራ ማጠፍ ማለት ነው። የጀማሪ ስህተት ያለበትን ደረጃ ብቻ ማየቱ ነው። ሁልጊዜ ቀጣዩን ሥዕል ይመልከቱ፤ እጥፋቱ ምን መምሰል እንዳለበት የሚነግርዎት እሱ ነው።

ግራና ቀኝ የተቀላቀሉ ቁርጥራጮች

ብዙ ተመሳሳይ ቁርጥራጮችን ያለ ኮላ መገጣጠም ሰውን በጣም ይይዛል። ሶኖቤ የሚባለው ዓይነት በ6 ቁራጭ ኩብ፣ በ12 እና በ30 ደግሞ ኮከብ የመሰሉ ኳሶች ይሆናል። ከአንድ ኤ4 በ7 ሴንቲ ሜትር ልክ 12 ካሬዎች ይወጣሉ፤ ለ30ው ሦስት ወረቀት ይበቃል። አንዱ ቁራጭ እንኳ በመስታወት እንደሚታይ ተገልብጦ ከታጠፈ የሌላው ቁራጭ ጫፍ የሚገባበት ኪሱ አይገጥምም። የመጀመሪያውን ቁራጭ ናሙና አድርገው ፊትዎ ያስቀምጡና እያንዳንዱን ከእሱ ጋር ያስተያዩ።

በአንድ ጊዜ ሺህ ወፍ ማሰብ

በአቶሚክ ቦምቡ ጨረር ምክንያት ታምማ ሆስፒታል ውስጥ የወረቀት ወፎች ስታጥፍ የነበረችውና በ12 ዓመቷ እ.ኤ.አ. በ1955 ያረፈችው የሂሮሺማዋ ሳዳኮ ሳሳኪ ታሪክ ብዙ ሰው ሺህ ወፍ እንዲያጥፍ ያነሳሳል። ለአንዷ 10 ደቂቃ ቢፈጅ ሺዋ ከ166 ሰዓት በላይ ነው። በቀን ሁለት ይበቃል።

የተበላሸችውን ወፍ ጨምድዶ መጣል

ይክፈቷትና ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው በብርሃን መስመሮቹን ይዩ። ሰያፎቹና የመሃል መስመሮቹ አንድ ነጥብ ላይ መገናኘት አለባቸው፤ አንዱ ከነጥቡ ጎን ካለፈ ስህተቱ የመጀመሪያው ደቂቃ ላይ ነበር። መሃሉ ደህና ሆኖ ጥጎቹ አካባቢ ድርብ መስመር ከታየ፣ የሳቱት ድርቡን ወደ ላይ ሲያነሱ ነው። የሳተውን መስመር በእርሳስ ያክብቡበት፣ ቀኑን ይጻፉበት፣ ደብተር ውስጥ ያኑሩት። ቀጣዩን ካሬ ሲቆርጡ አጠገብዎ ይዘርጉት።