በገና ጨዋታ እንዴት ተከላካይ ሆኖ መሰለፍ እንደሚቻል

መንዝ ውስጥ ታኅሣሥ ሲጋመስ መስኩ በውርጭ ነጥቶ ያድራል። ልጆች ሳለን ፀሐይ ወጥታ ውርጩን እስክታቀልጥ መታገሥ አቅቶን ዱላችንን ይዘን እንወጣ ነበር፤ በዚያ ሣር ላይ ተንሸራትቶ ያልወደቀ ልጅ አልነበረም። ከብዙ ዓመት በኋላ ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ምግብ ቤት ቴሌቪዥን የበረዶ ሆኪ ሲታይ አገኘሁ። ቆልማማ ዱላ የያዙ ሰዎች ጠፍጣፋ ጎማ ያሳድዳሉ። ዓይኔ ከተከላካዮቹ አልነቀል አለ፤ እኔ ስንት ገና ስደክምበት የኖርኩትን ነገር ወደ ኋላ እየተንሸራተቱ በእርጋታ ይሠሩታል። ከዚያ ወዲህ ጨዋታቸውን እየፈለግኩ አያለሁ፤ ያገኘሁትንም በየዓመቱ ለሰፈራችን ወጣቶች አሳያለሁ። አግቢውን ሁሉም ያሞግሰዋል፤ ከኋላ የሚቆመውን ግን ቁጭ አድርጎ የሚያስተምረው የለም።

1. ዱላውን ማዘጋጀት

ከወይራ የሚበልጥ እንጨት አላውቅም። ጫፉ በተፈጥሮው የቆለመመ ቅርንጫፍ ይፈልጉ። ቀጥ ያለውን በእሳት እያሞቁ ማጉበጥም ይቻላል፤ እኔ ያጎበጥኳቸው ሁሉ ግን በጨዋታ መካከል ከመታጠፊያው ላይ ተሰንጥቀውብኛል። ባሕር ዛፍ በየደጁ ስለሚገኝ ብቻ አይቁረጡ፤ ሲደርቅ ይተረተራል፣ ስንጥሩም መዳፍ ይወጋል። ከመስቀል በኋላ ተቆርጦ የተላጠ ዱላ ምድጃ አጠገብ ጭስ እየጠጣ ለገና ይደርሳል።

ተከላካይ ረዘም ያለ ዱላ ይያዝ። አጥቂው እሩሩን፣ ማለትም የምንመታትን ኳስ፣ እየነካካ ስለሚሮጥ አጭር ይመቸዋል፤ የእርስዎ ሥራ ግን ከሩቅ መድረስ ነው። የስሎቫኪያው ተከላካይ ዝዴኖ ቻራ ቁመቱ 2 ሜትር ከ6 ሳንቲ ሜትር ስለነበር፣ ከሌሎች የረዘመ ዱላ እንዲይዝ ደንቡ ይፈቅድለት ነበር፤ አጥቂው ሳይጠጋው በፊት መንገዱ ይዘጋበታል። ለእኛ ከመሬት እስከ ደረት ሥር የሚደርስ ይበቃል።

2. ቅልጥምን መጠቅለል

ወፍራም ጨርቅ ይበቃል፤ ሳይጠቀልሉ ግን አይግቡ።

3. ሰውየውን መያዝ

ዋናው ይህ ነው፤ እኔም የወደቅሁት እዚህ ላይ ነው። ሃያ ዓመቴ ነበር። ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር እኩል ለእኩል ሆነን ፀሐይ ልትጠልቅ ደረሰች። አንድ የታች ሰፈር ልጅ እሩሩን እየገፋ ብቻውን መጣብኝ። ዓይኔን እሩሩ ላይ ተክያለሁ። በዱላው ጫፍ ወደ ግራ ነካ አደረገው፤ እኔም ወደ ግራ ዘለልኩ። እሱ መልሶ ሳበውና በቀኜ በኩል አለፈ። ዞሬ ዱላዬን ስሰነዝር የመታሁት አየር ነበር። በዚያ ዓመት ታች ሰፈሮች እየዘፈኑ ገቡ፤ እኔ የበዓሉ እራት አልወርድልህ አለኝ። አጎቴ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠና፣ «አንተ ልጅ፣ እሩር እግር የለውም፤ እግር ያለውን ያዝ» አለኝ።

ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር። የገባኝ የበረዶ ሆኪ ተከላካዮች የሚያዩበትን ቦታ ልብ ብዬ ስከታተል ነው። እነሱ የሚያዩት የሰውየውን ደረትና ወገብ ነው። እጅ ያታልላል፣ ራስ ያታልላል፣ እሩሩማ ዋናው ማታለያ ነው። ወገብ ግን ሰውየው ወደሚሄድበት ከመሄድ በቀር ሌላ መንገድ የለውም። ዓይንዎን ወገቡ ላይ ያድርጉ፤ እሩሩ በዓይንዎ ጠርዝ ይታይዎታል።

ቀጥሎ ርቀቱ ነው። በእርስዎና በእሱ መካከል አንድ የዱላ ርዝመት ያህል ይኑር። ከዚያ ከቀረቡት በአንድ እርምጃ ያልፍዎታል፤ ከዚያ ከራቁት ደግሞ አነጣጥሮ ለመምታት ፋታ ያገኛል። ይህን ርቀት ለመጠበቅ እሱ ሳይደርስብዎት ወደ ኋላ መሮጥ መጀመር አለብዎት፤ አብዛኛው ሰው ቆሞ ይጠብቅና አጥቂው አጠገቡ ሲደርስ ይደነግጣል። ጉልበትዎን አጠፍ ያድርጉ፣ እርምጃዎን ያሳጥሩ፣ እግርዎን አያጠላልፉ። ዱላውን በአንድ እጅ ዘርግተው ጫፉን ከመሬት ሳያነሡ ከፊትዎ ይያዙት።

ዱላውን አይሰንዝሩት። ሰንዝረው ከሳቱ ገላዎ አብሮ ይዞራል፣ አጥቂው ያልፋል፤ ካልሳቱም የሰው ቅልጥም ያገኛሉ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» መባሉ እግር ለመስበር ፈቃድ አይደለም። ስዊድናዊው ኒክላስ ሊድስትረም እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2012 ለዲትሮይት ቡድን ሲጫወት በሰሜን አሜሪካው ሊግ የምርጥ ተከላካይነት ሽልማትን 7 ጊዜ፣ ለሊጉ ሻምፒዮን የሚሰጠውን የስታንሊ ዋንጫን ደግሞ 4 ጊዜ አግኝቷል፤ የታወቀውም ሰው በመጣል ሳይሆን በአቋቋሙና በዱላው ጫፍ ነው።

4. ወደ ዳር መግፋት

የበረዶ ሆኪ ሜዳ ዙሪያው በሰሌዳ የታጠረ ነው። ተከላካዩ መካከሉን ይዘጋና የዳሩን መንገድ ይለቃል፤ አጥቂው ወደዚያ ሲሄድ ሰሌዳው ሁለተኛ ተከላካይ ይሆንበታል። እኛ ሰሌዳ የለንም፤ ካብ ያለበት መስክ ካለ በዚያ በኩል ይግፉት። ካብ ከሌለ ተዳፋት አይጠፋም። ወደ ታች የሚወስደውን መንገድ ዘግተው ዳገቱን ይልቀቁለት። ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ እሩር እየገፋ ዳገት የሚወጣ ሰው ሃያ እርምጃ ሳይሄድ ትንፋሹ ያጥረዋል፤ ያን ጊዜ ይንጠቁት።

5. እሩሩን ከነጠቁ በኋላ

ዝም ብለው ወደ ፊት አይለጉት። እሩሩ እጅዎ ሳይገባ በፊት የራስዎ ሰው የት እንዳለ አይተው መጨረስ አለብዎት፤ ከዚያ አጭር፣ መሬት ለመሬት የሚሄድ ቅብብል ይበቃል።

ወጣቶቹ እዚህ ላይ የካናዳዊውን ቦቢ ኦርን ታሪክ ስነግራቸው ይወዳሉ። ከእሱ በፊት ተከላካይ በአብዛኛው ከኋላ የሚቀር ሰው ነበር፤ እሱ ግን ራሱ እየነዳ ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ1970 እና በ1975 ባገባውና ለማግባት ባቀበለው ተደምሮ የሚቆጠረውን የሊጉን የነጥብ አሸናፊነት ወሰደ። ይህን ያደረገ ሌላ ተከላካይ እስካሁን የለም። ታሪኩን ስጨርስ ግን ሁለት ነገር እጨምራለሁ። ጉልበቱ ደጋግሞ ተጎድቶ እ.ኤ.አ. በ1978፣ ገና በ30 ዓመቱ፣ ጨዋታ አቁሟል። ደግሞም ተከላካዮች ሁለት ሆነው ነው የሚሰለፉት፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይቀራል። እርስዎም ከመውጣትዎ በፊት «ወጣሁ» ብለው ይጩኹ፤ ጓደኛዎ «አለሁ» ካላለ አይውጡ።

6. ማረፍ

በበረዶ ሆኪ አንድ ተጫዋች አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላው ተቀይሮ ይወጣል፤ ከዚያ ተመልሶ ይገባል። በእኛ ሜዳ ግን ጀግና የሚባለው ከጠዋት እስከ ማታ የማይወጣው ነው፤ ይህን ልማድ አልደግፍም። የደከመ እግር ወደ ኋላ መሮጥ አይችልም፣ ተከላካይ ደግሞ ያለዚያ ሥራ የለውም። ጨዋታው ሳይጀመር ከሌላው ሰፈር ሽማግሌዎች ጋር ስለ ቅያሪ ይነጋገሩ።

7. ልምምድ

ከኅዳር ጀምሮ፣ ከብት ከገባ በኋላ፣ ሁለት ሆናችሁ ውጡ። አንዱ ያለ እሩር ይምጣ፤ ሌላው የዱላውን ርቀት ጠብቆ ወደ ኋላ ይሩጥ። እሩሩን የምትጨምሩት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ ቀድማችሁ ካመጣችሁት ዓይን ወዲያው ወደ እሱ ይሄዳል።

ጨዋታው ሲያበቃ ዱላውን ከጭቃው ጠርገው ቅቤ ይቀቡትና ጣሪያው ሥር አግድም ይስቀሉት፤ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ከከረመ ለከርሞ ጎብጦ ያገኙታል።