ዴኒሰን ባርብ ቤት ገብቶ ሲታመም

ዴኒሰን ባርብ የደቡብ ምዕራብ ሕንድ ተራራ ዓሣ ነው። በኬረላና በካርናታካ፣ ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለለ በሚወርድ ቀዝቃዛ ወንዝ ይኖራል። ሱቅ ውስጥ ጣት ስለሚያህል ይሸውዳል እንጂ 15 ሴንቲሜትር ይደርሳል። እኛ ደግሞ ቤት አምጥተን በመስታወት ገንዳ እንደ ቆላ ዓሣ እናሞቀዋለን።

ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ

ርቧቸው እንዳይመስላችሁ፤ ኦክስጅን አጥሯቸው ነው። ውሃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከፍታው ይጨመርበታል። 20 ዲግሪ የሆነ ውሃ ባሕር ጠረፍ ላይ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ እዚህ ወደ 7 ይወርዳል። ሂተሩን በቀን አንድ ዲግሪ እየቀነሳችሁ 21 ወይም 22 ላይ አድርሱት። የፊልተሩን (የውሃ ማጣሪያውን) መውጫ ወደ ላይ አዙሩ። የውሃው ፊት እንደ መስታወት ከረጋ ገና ነው።

መብራት ከመጣ በኋላ ያልቃሉ

ይሄ ብዙ ሰው ያታልላል። ፊልተሩ ለሰዓታት ሲቆም ውስጡ ያሉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ታፍነው ይሞታሉ፣ የቀረው ውሃም ይበሰብሳል። መብራት ሲመጣ ያ ሁሉ ገንዳው ላይ ይገለበጣል። አንዴ ሌሊቱን ሙሉ ጠፍቶ ጠዋት ሲመጣ፣ ደስ ብሎኝ ቡና ላፈላ ሄድኩ። ስመለስ ሳሎኑ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ከዚያ ወዲህ ገና ሲጠፋ ሶኬቱን እነቅላለሁ። ሲመጣ ስፖንጁን ከገንዳው በቀዳሁት ውሃ አለቅልቄ ነው የምሰካው። እስኪመጣ ድረስ የገንዳውን ውሃ በኩባያ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሱት። ምግብ አትስጡ።

ቀለማቸው ደበዘዘ፣ እርስ በርስ ይባረራሉ

ቁጥራቸው አንሶ ወይም ቦታ ጠቧቸው ነው። ሁለት ሦስት ከሆኑ አንዱ ንጉሥ ይሆናል። ቢያንስ 6 ይሁኑ፣ የገንዳው ርዝመትም ከ1 ሜትር ከ20 አይነስ። ቦታው ከሌላችሁ ባትገዙት ይሻላል። ከገዛችሁም በእርባታ የተገኘ መሆኑን ጠይቁ፤ በተፈጥሮ መኖሪያው እየጠፋ ያለ ዓሣ ነው።

ጠዋት ወለል ላይ ተገኘ

ዘሏል። ክዳን ግጠሙ፤ ቱቦው የሚገባበትን ቀዳዳም በስፖንጅ ድፈኑ።

ውሃ በተቀየረ ማግስት ሞቱ

ክሎሪን ጠርጥሩ። የቧንቧ ውሃ በባልዲ ቀድታችሁ፣ የአየር ፓምፕ ከታችሁ አንድ ቀን አሳድሩት። ዋሽንግተን ዲሲ ያላችሁ ግን በዚህ አትተማመኑ። እዚያ ቧንቧው ውስጥ ያለው በአብዛኛው ክሎራሚን (ክሎሪን ከአሞኒያ ጋር ተዋህዶ) ነው፤ ቢያድርም አይተንም። ክሎራሚንም እንደሚያጠፋ የተጻፈበትን ጠብታ ግዙ። ደግሞ በአንድ ጊዜ ከሩብ በላይ አትቀይሩ፤ ከመገልበጣችሁ በፊትም ሙቀቱ ከገንዳው ጋር መቀራረቡን ለማየት ባልዲው ውስጥ ቴርሞሜትር ክተቱ።