ራውተሩ በቦታው ይቆይ፤ ዋይፋዩ ወደ ጓሮ ይሂድ
ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር፣ ተዳፋት ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ግቢዎቻችንም እርከን እርከን ናቸው፤ ዋናው ቤት ከላይ፣ ሰርቪሱ ከታች፣ በመካከላቸው ወፍራም የድንጋይ ግንብ። የኢንተርኔት መስመር የሚዘረጉት ባለሙያዎች ራውተሩን መስመሩ በገባበት የሳሎን ጥግ ሰቅለውት ይሄዳሉ። ሳሎን ውስጥ ሁሉም ደኅና ነው። ሰርቪሱ ውስጥ የሚያጠናው ልጅ ግን ሲግናል ፍለጋ ስልኩን ይዞ ደጅ ይወጣል፤ በክረምት ደግሞ የደሴን ብርድና ጭጋግ ታውቁታላችሁ።

ሰው ይህን ሲያይ ወይ የመስመሩን ፍጥነት ያስጨምራል፣ ወይ ብዙ አንቴና ያለው ውድ ራውተር ይገዛል። ሁለቱንም አልመክርም። የጎደለው ፍጥነት አይደለም፤ ሲግናሉ ግንቡን ማለፍ አቅቶት ነው። ራውተሩ ቢበረታ እንኳ ስልኩ መልስ መላክ አለበት፣ የስልክ ጉልበት ደግሞ ትንሽ ነው። ግንኙነት የሁለት ወገን ስለሆነ በአንዱ ብርታት ብቻ አይቆምም። ግንቡን ማለፍ ያለበት ኬብል ነው፤ ዋይፋዩን የሚያሰራጨው አክሰስ ፖይንት ከግንቡ ማዶ፣ ሰው በሚቀመጥበት ክፍል ይሰቀል። ሪፒተር የሚባለውን የማልወደውም ለዚህ ነው፦ የደከመውን ሲግናል ተቀብሎ በዚያው አየር መልሶ ስለሚልከው ፍጥነቱ ብዙ ጊዜ በግማሽ ይወርዳል።

አዲስ አክሰስ ፖይንት ካልገዛችሁ መሳቢያ ውስጥ የተኛ አሮጌ ራውተር ይበቃል። ማስተካከያው ላይ «አክሰስ ፖይንት» የሚል ምርጫ ካለው እሱን መርጣችሁ ወደ ኬብሉ እለፉ። ከሌለው ከዋናው ጋር ሳታገናኙት ለብቻው ከኮምፒውተር ጋር በኬብል አያይዙትና አድራሻውን፣ ማለትም በኔትወርኩ ውስጥ የሚለይበትን ቁጥር፣ ቀይሩ። ዋናው ራውተር 192.168.1.1 ከሆነ ይህኛውን 192.168.1.2 በሉት፤ ዋናው ለስልኮች ከሚያድለው ክልል ውጭ መሆኑን ብቻ አረጋግጡ። በአዲሱ አድራሻ እንደገና ገብታችሁ ዲኤችሲፒ (DHCP) የሚለውን ዝጉት።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ አብዛኛው ችግር የሚመጣው ከዚህ ነው። ዲኤችሲፒ ለእያንዳንዱ ስልክና ኮምፒውተር አድራሻ የሚያድለው አገልግሎት ነው። ሰርግ ቤት እንግዳ የሚያስቀምጠው አንድ ሰው ነው፤ ሁለት ሰው ሳይነጋገር ቢያስቀምጥ ሁለት እንግዳ በአንድ ወንበር ይጋጫል። ሁለቱ ራውተሮች አድራሻ ሲያድሉም እንዲሁ ነው፤ አንዱ ስልክ ይሠራል፣ ሌላው «ተገናኝቷል፣ ኢንተርኔት የለም» ይላል፣ ነገ ደግሞ ተራው ይገለበጣል። ስለዚህ አዳዩ ዋናው ራውተር ብቻ ይሁን። ኬብሉንም ከዋናው ላን ፖርት (LAN ከሚለው መሰኪያ) አውጥታችሁ የአሮጌው ላን ፖርት ላይ ሰኩት። ዋን (WAN) የሚለው፣ ብዙውን ጊዜ ቀለሙ የተለየው ፖርት፣ ባዶ ይቅር።

ኬብል ስትገዙ፣ ፒያሳም ሆነ ሌላ ቦታ፣ አንዱን ሽቦ በምላጭ ፋቅ አድርጉት። ውስጡ ከነጣ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው፤ ቶሎ ይሰበራል። እስከ ውስጥ ቀይ የሆነውን ግዙ። ካት 5ኢ (Cat5e) የሚባለው የኬብል ዓይነት ለቤት በቂ ነው፤ ርዝመቱ ከ100 ሜትር አይለፍ። ኮኔክተሩን፣ ማለትም የኬብሉን ጫፍ የፕላስቲክ መሰኪያ፣ ስትጨምቁ መቆለፊያ ምላሱ ወደ ታች፣ የኬብሉ መግቢያ ወደ እናንተ ይሁን፤ ከግራ ጀምራችሁ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። ከመጭመቃችሁ በፊት ወደ መስኮት ብርሃን አዙሩትና ስምንቱም ጫፎች ከፊት ለፊቱ ግድግዳ መድረሳቸውን እዩ። አንዱ ካጠረ አውጥታችሁ እንደገና ቁረጡ። የውጭው ልባስም ኮኔክተሩ ውስጥ ይግባ፤ አለዚያ ኬብሉ በተጎተተ ቁጥር ሽቦዎቹ ይላላሉ።

አክሰስ ፖይንቱን ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት፤ ከቆርቆሮ ክዳን ወይም ከቆርቆሮ ግድግዳ ጋር ግን አታጣብቁት፤ ብረት ሲግናሉን ያግደዋል። የዋይፋዩን ስም፣ የይለፍ ቃሉንና የጥበቃውን ዓይነት ከዋናው ጋር አንድ አድርጉት፤ ያኔ ስልኩ ከሳሎን ወደ ጓሮ ሲሄድ ሌላ ቃል አይጠይቅም። ቻናሉ፣ ማለትም የሚያሰራጭበት የሞገድ መስመር፣ ግን ይለያይ። በ2.4 ጊጋኸርዝ የማይደራረቡት 1፣ 6 እና 11 ናቸው፤ ዋናው 1 ላይ ካለ ይህን 6 ወይም 11 ላይ አድርጉት። 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ነው፣ ግን ግድግዳ ላይ ቶሎ ይደክማል። ጓሮ ደርሶም የሳሎኑን ደካማ ሲግናል አልለቅ የሚል ስልክ ካጋጠማችሁ የዋናውን የማሰራጫ ኃይል ትንሽ ቀንሱለት። መልቀቅን የሚወስነው ስልኩ ነው፤ የሳሎኑ ሲግናል ቶሎ ሲደክምበት ወደ ቅርቡ ይዞራል።

ነጎድጓድ ለሚበዛበት አገራችን አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ከቤት ወደ ቤት የሚሻገረውን ኬብል ከመብራት ሽቦ ጋር አታስሩት፤ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አድርጋችሁ ቅበሩት። ቱቦው ከዝናብና ከአካፋ ያድነዋል፤ ከመብረቅ ግን አያድነውም። አቅሙ ካላችሁ በሁለቱ ቤቶች መካከል ፋይበር ዘርጉ፤ መስታወት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። መዳብ ከሆነ ሰማዩ ማጉረምረም ሲጀምር ከሁለቱም ጫፍ ንቀሉት፣ መብራቱንም እንዲሁ፤ መብረቁ ከራሳችሁ በላይ ከሆነ ግን አትንኩት።

መብራት ሲጠፋ ሁለቱም ዕቃዎች ኃይል ያስፈልጋቸዋል፤ ለዋናው ብቻ ባትሪ ገዝቶ ጓሮውን መርሳት የተለመደ ነው። ለየራሳቸው ትንሽ መጠባበቂያ ባትሪ ግዙላቸው፤ አንዳንዱ ዕቃ 9 ቮልት፣ አንዳንዱ 12 ቮልት ስለሚወስድ መጀመሪያ አዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ።