የሴት አያትን ስም ለወንድ ልጅ ማውረስ

ድሬዳዋ ላይ አንድ ግቢ ውስጥ ጥሩነሽ፣ ጀሚላና ደራርቱ ቡና ሊጠራሩ ይችላሉ። ስለዚህ ለልጁ የሴት አያቱን ስም ለማውረስ መጀመሪያ ስሙ ከየትኛው ቋንቋ እንደመጣ ይለይ። ሙሉ ስማቸውንም ጠይቁ። "ብዙዬ" የሚባሉት እማማ ብዙነሽ ከሆኑ ልጁ ብዙነህ ይባላል፤ ብዙአየሁ ከሆኑ ግን ስሙ ለወንድም ለሴትም ስለሚሆን አይነካም።

አማርኛው ግስ ከሆነ "ች" ይነሳል፦ በቀለች፣ በቀለ። "ነሽ" ወደ "ነህ" ይዞራል፦ ወርቅነሽ፣ ወርቅነህ። አሰፋሽ ግን አሰፋህ አይሆንም፤ አሰፋ ነው። አስካለም እንደ አየለ የወንድ ግስ ይመስላል እንጂ የወይን ዘለላን የሚያመለክት የግዕዝ ቃል ነው፣ የሴት ስም። አበባ መጨረሻው ላይ የሚቆረጥ የለውም፤ ከሥሩ ግን አበበ ይገኛል። ብርቱካንን ተዉት፣ መነሻው ፖርቱጋል የሚለው የአገር ስም ነው! በክርስትና ስም ወለተ ወልደ፣ አመተ ደግሞ ገብረ ይሆናል፤ ወለተ ሚካኤል፣ ወልደ ሚካኤል።

በኦሮምኛ ደራርቱ ደራራ፣ ጫልቱ ጫላ፣ ቶልቱ ቶላ ይሆናሉ። ለሊሴ ለሊሳ፣ ዲሪቤ ዲሪባ። "ኡ" ድምፅ ሁሉ ግን የሴት አይደለም፤ ቱሉና ገመቹ ወንዶች ናቸው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዐረብኛው ነው። ጀሚላ ጀሚል፣ ሙኒራ ሙኒር፣ ሰዒዳ ሰዒድ፤ እዚህ ድረስ ቀላል ነው። ረህማ ላይ ያው ቢደረግ "ረህም" ይወጣል፣ እሱ ደግሞ የሰው ስም አይደለም። ወደ ሥሩ ተመልሶ ረሒም ወይም ዐብዱረህማን ማለት ይሻላል። "ዐብዱ" እንዳይቀር፤ ረህማን ብቻውን የአላህ ስም ነው። ሐምዛና ጦልሓም በ"ኣ" ድምፅ ቢጨርሱም የወንድ ናቸው።

ፋጡማ "ጡት ማስጣል" ከሚል ሥር የወጣ ነው፤ የተለመደ የወንድ አቻ የለውም። ዘይነብና መርየምም እንዲሁ። እዚህ ላይ ቃሉን ከማጣመም በስሙ በታወቁት የቀድሞ ሴቶች ልጅ በኩል መሄድ ያምራል፦ ለፋጡማ ሐሰን ወይም ሑሴን፣ ለኸዲጃ ቃሲም፣ ለመርየም ዒሳ።

ከመወሰናችሁ በፊት ስሙን ከአባቱ ስም ጋር ጮክ ብላችሁ ጥሩት። አባቱ አበበ ከሆነ የአበባ የልጅ ልጅ "አበበ አበበ" ሊሆን ነው። ልደት የሚመዘገበው በ90 ቀን ውስጥ ስለሆነ፣ ሐ ይሁን ሀ፣ ዐ ይሁን አ ቀድሞ በወረቀት ጽፎ መሄድ ነው፤ መዝጋቢው በጆሮው የሰማውን ነው የሚጽፈው።