ከስትሮክ በኋላ ግራቸውን የረሱ ታማሚን ቤት ውስጥ እንዴት እንደምንረዳ

ጅማ ውስጥ ቡና ተቀድቶላቸው «ለእኔ አልደረሰኝም» የሚሉ ሽማግሌ ቤቱን ሁሉ ያስጨንቃሉ። አጎቴ ስትሮክ ካገኛቸው በኋላ እንዲህ አሉን። ስኒው ፊታቸው ነበር፤ በግራ በኩል። ያኮረፉ መስሎን ነበር።

ኩርፊያ አይደለም። ግራው የአንጎል ክፍል ትኩረቱ በአብዛኛው በቀኝ ባለው ነገር ላይ ነው፤ ቀኙ ግን ሁለቱንም ጎን ይጠብቃል። ግራው ቢጎዳ ቀኙ ይሸፍንለታል። ቀኙ ሲጎዳ ግን ለግራው ጎን ጠባቂ ይጠፋል፤ ዓይን እያየም ቢሆን።

በመጀመሪያ ለዩት። ከአንድ ትሪ መብላት ችግሩን ይደብቀዋል፤ ሁሉም ከፊቱ ነው የሚቆርሰው። ስለዚህ ለብቻቸው በሳህን አቅርቡ። የቀኙን ግማሽ ጨርሰው «አለቀ» ካሉ ሳህኑን አዙሩት፤ እንደገና መብላት ከጀመሩ ነገሩ ግልጽ ነው። ቀጥሎ ወረቀት ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል አግድም መስመር አስምሩና መሃሉን ምልክት እንዲያደርጉ ጠይቋቸው። ምልክቱ ወደ ቀኝ በጣም ከሸሸ ወረቀቱን ለሐኪም አሳዩ።

ሐሳብም ግራውን ይተዋል። በ1978 እ.ኤ.አ. ቢሲያክና ሉዛቲ የተባሉ ተመራማሪዎች ሁለት ታማሚዎችን የሚላንን የካቴድራል አደባባይ በሐሳባቸው እንዲገልጹ ጠየቁ። ታማሚዎቹ በሐሳባቸው ከቆሙበት በስተቀኝ ያለውን በአብዛኛው ዘረዘሩ፤ በተቃራኒው ጫፍ ቆመው እንዲያስቡ ሲደረግ ደግሞ ቀድሞ የተዉትን ጠሩ፣ የጠሩትን ተዉ። ይህን ሳውቅ አጎቴን በመቆጣቴ አዘንኩ። እናንተም በሐሳባቸው ከጅማ መርካቶ ወደ አዌቱ ድልድይ ሲሄዱ፣ ከዚያም ሲመለሱ በስተግራና በስተቀኝ ያለውን እንዲነግሯችሁ ጠይቋቸው።

ከዚያ ልምምዱ ይጀምራል። በትሪው ግራ ጠርዝ ላይ ቀይ ጨርቅ እሰሩ፤ በሚያነቡት ገጽ ግራ ዳር ቀይ መስመር አስምሩ። «ጋሼ፣ ቀይዋን እስኪያገኙ ወደ ግራ ይዙሩ» በሏቸው፤ በየጉርሻው መሃል፣ ሳይሰለቹ። ስታወሩም ቀስ በቀስ ወደ ግራቸው ጠጋ በሉ። ግራ እጃቸው ትንሽም ቢንቀሳቀስ አሠሩት። «ምንም አልሆንኩም» ቢሉ አትሟገቱ፤ አለማወቁ ራሱ የጉዳቱ አካል ሊሆን ይችላል።

የከሰል ምድጃና ጀበና ግን በግራቸው ፈጽሞ አይቀመጥ፤ ግራ እጃቸው ሳይታወቃቸው ይቃጠላል። መንገድ ስትወጡ በግራቸው በኩል ሁኑ፤ ከዚያ የሚመጣውን ባጃጅ የምታዩላቸው እናንተ ናችሁ።