የላፕቶፕ ቻርጀር ሬዲዮህን ሲረብሽ

ጅማ ሆነህ በአጭር ሞገድ 7 ሜጋኸርዝ ላይ የማያቋርጥ ዝዝታ ከሰማህ አየሩን አትውቀስ፤ መጀመሪያ የላፕቶፕህን ቻርጀር ጠርጥር። ውስጡ ያለው ትራንዚስተር በሰከንድ በአስር ሺዎች ጊዜ ይበራል ይጠፋል፣ ከዚያ የሚፈጠረው ጩኸት ገመዱን አንቴና አድርጎ ይወጣል።

ሬዲዮውን በባትሪ አስነሳና የቤትህን ብሬከር አጥፋ። መብራት እስኪሄድ አትጠብቅ፣ ያኔ የጎረቤትም አብሮ ስለሚጠፋ አይለይልህም። ጩኸቱ ከቆመ ምንጩ ቤትህ ነው፤ ብሬከሩን መልስና ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ሰክተህ አዳምጥ።

ቻርጀሩ ከሆነ ፌራይት ቀለበት (በገመድ የሚወጣን ጩኸት የሚያፍን ጥቁር መግነጢሳዊ ቀለበት) ፈልግ፣ ለአጭር ሞገድ ሚክስ 31 የሚባለው የፌራይት ዓይነት ጥሩ ነው። ገመዱን ከ8 እስከ 10 ዙር ጠምጥምበት፣ በተቻለ መጠን ቻርጀሩ ሥር፣ ደግሞ በሁለቱም በኩል፤ ወደ ሶኬት የሚሄደውንም ወደ ላፕቶፑ የሚሄደውንም። ገመዱ አንዴ ብቻ የሚያልፍበት ትንሽ ፌራይት በ7 ሜጋኸርዝ አካባቢ ብዙም አይፈይድም።

የሬዲዮውን አንቴናም ከቤቱ አርቀው። ቻርጀሩን ግን እንዳትከፍተው! ከሶኬት ተነቅሎም ውስጡ ያለው ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ካፓሲተር 300 ቮልት ገደማ ሊይዝ ይችላል። ሁሉም ካልሠራ ላፕቶፑን በራሱ ባትሪ እየተጠቀምክ አዳምጥ፣ ወጪ የለውም።