አሮጌ ሞተር አልነሳ ሲል የምንሰራቸው ስህተቶች

እኔ ያለኝ አሮጌ ሆንዳ ሲጂ 125 ሞተር ሳይክል ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1976 መመረት የጀመረው አይነት፣ እና ይሄን ሞተር በጣም ነው የምወደው። ብዙ ሰው ግን እንዲህ አይነት ሞተር በማይሆን ነገር ሲያበላሽ ስለማይ ያየሁትን ልጻፍላችሁ።

የመጀመሪያው ስህተት ሞተሩ እምቢ እንዳለ ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ክፍል) መፍታት ነው። ኧረ ቆይ! መጀመሪያ ትንሽ ከረገጣችሁት በኋላ ካንዴላውን (እሳት የሚረጨውን) አውጥታችሁ እዩት። ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰም ማለት ነው፣ ያኔ ወደ ካርቡራተሩ መሄድ ያስኬዳል። እርጥብ ሆኖ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ግን ወይ እሳት የለም ወይ ቤንዚን በዝቶበታል። ካንዴላውን የገመዱ ኮፍያ ላይ ሰክታችሁ፣ ከቀዳዳው ራቅ አድርጋችሁ ብረቱን ሞተሩ ላይ አስነኩና አስረግጡ፣ ሰማያዊ ጠንካራ ብልጭታ ካልታየ ካርቡራተሩ ምንም አላጠፋም። የካንዴላው ክፍተት ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊሜትር ነው፣ ፖይንት (ኤሌክትሪኩን እየቆረጠ እሳት የሚያስነሳው) ያለው አሮጌው ሞዴል ከሆነ ደግሞ የፖይንቱ ክፍተት ከ0.3 እስከ 0.4 ነው፣ እሱ ሲቆሽሽና ሲጠብ ልክ የካርቡራተር ችግር ይመስላል።

ሁለተኛውና እኔን በጣም የሚያናድደኝ ጄቷን፣ ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍባትን ባለ ቀዳዳ ብሎን፣ በሽቦ መጎርጎር። ሞተሬ ወራት ቆሞ ነበርና ቤንዚኑ ደርቆ የካርቡራተሩ ታችኛው ሳህን ላይ ቢጫ ሙጫ ሰርቶ አገኘሁት፣ ወስጄ ለአንድ መካኒክ ሰጠሁት። ሚኒሞ ላይ (ጋዝ ሳይሰጥ) የምትሰራዋ ጄት ቀዳዳዋ በጣም ቀጭን ናት፣ እሱ በብረት ሽቦ ወጋት። ሞተሩ ተነሳ፣ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥቁር ጭስ፣ ካንዴላው ጥላሸት፣ ቤንዚን መጨረስ ነው። በኋላ አውጥቼ ወደ ብርሃን ሳያት ቀዳዳዋ ክብ መሆኗ ቀርቶ በአንድ ጎን ተቦርቡራለች፣ አዲስ እስክቀይር አልዳነም። ጄት የሚጸዳው በካርቡራተር ማጽጃና በኮምፕሬሰር አየር ነው፣ አየሩን ስትነፉ መነጽር አድርጉ። ማጽጃው ውስጥ ከመዘፍዘፋችሁ በፊት ጎማ ነገሮችን በሙሉ አውጡ፣ ያብጣሉ። ተንሳፋፊውንም (ሳህኑ ውስጥ የቤንዚኑን ከፍታ የሚቆጣጠረውን) ጆሯችሁ አጠገብ ነቅንቁት፣ ውስጡ ፈሳሽ ከተሰማ ተበስቷል።

ሌላ ደግሞ፣ ጠዋት በብርድ ቾክ (የካርቡራተሩን አየር መዝጊያ) ጎትቶ ጋዝ እየሰጡ መርገጥ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ቾኩን ዘግታችሁ ጋዙን ሳትነኩ ርገጡ። ቤንዚን አብዝታችሁ ካፈናችሁት ደግሞ ቾኩን ክፈቱ፣ ቤንዚኑን ዝጉ፣ ጋዙን እስከ መጨረሻው ይዛችሁ ደጋግማችሁ ርገጡ።

ማታ ስታቆሙ የቤንዚኑን መዝጊያ ዝጉት፣ እባካችሁ። የተንሳፋፊው መርፌ ጫፏ ካረጀች ቤንዚኑ ሌሊቱን ሲንጠባጠብ አድሮ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ዘይቱ ጋር ይቀላቀላል፣ የቀጠነ ዘይት ደግሞ ሞተር ይበላል። ዘይቱ ቤንዚን ከሸተተ ሳትቀይሩ አታስነሱት።

ከፍታን መርሳትም አለ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ ለቆላ የተሰራ ጄት እዚህ ቤንዚን ያበዛል፣ ሞተሩ ይታፈናል። ትንሽ ቁጥር ጄት አስገብታችሁ ካስተካከላችሁ በኋላ ግን በዚያው ወደ አዋሽ ከወረዳችሁ ቤንዚኑ ያንሰዋል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ፒስተን ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ የድሮውን ጄት አትጣሉት፣ ለመንገድ ያዙት።

ሞተሩ ተነስቶ ትንሽ ከሄደ በኋላ እየጠፋ ካስቸገረ ደግሞ ከሁሉ በፊት የሰልባትዮውን (የቤንዚን ታንኩን) ክዳን ክፈቱት። ፍስስ ብሎ አየር ከገባና ከዚያ ከተነሳ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል፣ እሱን ማጽዳት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።